ከቤት የመጣውን እውቀት ወደ ሳይንስ ክፍል ማስገባት፦ ለሐዋሳ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ሳይንስ የምታስተምሩ ከሆነ ክፍላችሁ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ታውቃላችሁ። ጠዋት ተምሮ ከሰዓት መናኸሪያ አካባቢ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ አለ። ሰው ቤት እየሠራች ማታ የምትማር ልጅ አለች። አባቱ ከሐይቁ ዓሣ እያወጣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚሸጥ አለ። እናቷ ሸክላ ስለምትሠራ አብሯት የሚቀመጥ ያጣች አለች። ከገጠር በቅርቡ መጥቶ አማርኛው ገና ያልቀናለትም አለ።

እነዚህ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ናቸው። እጅ አያወጡም። ውጤታቸው ዝቅ ሲል "ሳይንስ አይገባቸውም" ይባላል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ልጆቹ ሙቀትን፣ ሰበቃን፣ መብላላትን በእጃቸው ሲነኩት ይውላሉ። ክፍል ውስጥ ግን ስለዚያ የሚጠይቃቸው የለም።

ይህ መመሪያ የሚያሳየው ያንን እውቀት እንዴት ወደ ትምህርቱ እንደምናስገባው ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ እንነጋገር። የባህል ልብስ የሚለበስበትና ጭፈራ የሚታይበት ቀን ማዘጋጀት ደስ ይላል፤ ግን የምለው እሱን አይደለም። የልጁ የቤት እውቀት ለትምህርቱ ጌጥ ሳይሆን ማስረጃና ጥያቄ ሆኖ ይግባ ነው የምለው።

ሐሳቡን በዓለም ካስተዋወቁት አንዷ አሜሪካዊቷ ምሁር ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስ ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቀዋል። ተማሪው በትምህርቱ ይብቃ፤ ማንነቱን ሳይጥል ይማር፤ በዙሪያው ያለውን በደል ማየትና መጠየቅ ይቻል። የመጀመሪያውን አስምሩበት። ልጁ ደስ ብሎት ወጥቶ ፈተና ከወደቀ አልሠራንም።

ለእኛ ግን ቅርብ ምሳሌ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ደግሞ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ጥናቱ ከዚያ ተነሳ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ። መነሻው አጣቢ ሴቶች የሚጠቀሙበት እንዶድ እንደነበረ ሳትዘሉ ንገሩ።

1. መጀመሪያ ማን ዝም እንዳለ እዩ

የክፍሉን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ሳሉት። ለአንድ ሳምንት አንድ ተማሪ በተናገረ ቁጥር ወንበሩ ላይ ነጥብ አድርጉ። እናንተ ጠይቃችሁት ከሆነ ክብ፣ በራሱ ተነስቶ ከሆነ ነጥብ። ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን እያስተማሩ መሥራት ይከብዳል። ስለዚህ ለአንድ የሥራ ባልደረባ ስጡት፤ እናንተም በሱ ክፍል ትመልሱለታላችሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ነጥብ የሌለባቸውን ወንበሮች ተመልከቱ። የማን ናቸው? ብዙውን ጊዜ መልሱ ያስደነግጣል። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ ኋላ ይፈለጋል።

2. "ትናንት በእጃችሁ ምን ሠራችሁ?"

"አባትህ ሥራው ምንድነው?" ብላችሁ በክፍል ፊት አትጠይቁ። ሊስትሮው ይዋሻል፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አንገቷን ትደፋለች። በምትኩ ቁራሽ ወረቀት አድሉ፤ ስም አይጻፍበት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ትናንት ትምህርት ባልነበራችሁበት ሰዓት እስክትተኙ ድረስ በእጃችሁ ምን ምን ሠራችሁ? በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ።

የሚመጣው ነገር ሀብት ነው። ውሃ ቀዳሁ። ቡና ቆላሁ። የባጃጅ ጎማ ለጠፍኩ። ዓሣ በለትኩ። ቆጮ ጨመቅኩ። ሕፃን አዘልኩ። ወረቀቶቹን በየሥራው ለዩአቸው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ አሪዞና፣ ቱሳን ከተማ ውስጥ ሉዊስ ሞልና ባልደረቦቹ ከመምህራን ጋር አንድ እርምጃ ጨምረው ሄደዋል። መምህራኑ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ሠራተኛ ቤተሰቦች ቤት እየሄዱ ቤተሰቡ የሚያውቀውን ይጠይቁ ነበር። የሄዱት ሊማሩ ነው፤ ስለ ልጁ ጥፋት ሊናገሩ አይደለም። እኛ ዘንድ መምህር ቤት ድረስ ከመጣ ልጁ አጥፍቷል ማለት ነው፤ እናት ትደነግጣለች። ስለዚህ ቀድማችሁ በልጁ በኩል ላኩ፦ "ቲቸር ስለ ሥራዎ ሊጠይቅዎ ይፈልጋል፤ ክስ የለም" ይበል። በሴሚስተር ሁለት ሦስት ቤት ይበቃል። ቡና ከቀረበ ቁጭ በሉ። ደብተር አውጥታችሁ አትጻፉ፤ ስትወጡ ጻፉት።

3. ሥራውን ከምዕራፉ ጋር አገናኙ

"ፖርሽን አላልቅ እያለኝ ይህን ሁሉ መቼ ላስተምር?" የሚል መምህር አለ፤ ልክ ነው። ስለዚህ አዲስ ምዕራፍ አትጨምሩ። መጽሐፉ ያለውን ምዕራፍ ውሰዱና ምሳሌውን ብቻ ቀይሩ።

ውሃ የሚቀዳ ልጅ ካለ ሥራና ጉልበትን በጄሪካን አስሉ። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። 0.8 ሜትር ከፍ አድርጎ ጋሪ ላይ ለመጫን 20 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ0.8፣ ማለትም 160 ጁል ያህል ሥራ ይጠይቃል። ቁጥሩ ያው የመጽሐፉ ቁጥር ነው፤ ልጁ ግን ወገቡ ያውቀዋል።

ስለ ብርሃን ስታስተምሩ አንድ አሮጌ ጥቁር ጫማ አምጡና ግማሹን ብቻ አስወልውሉ። ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ ባትሪ አብሩበት። ያልተወለወለው ጎን ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል። በተወለወለው ላይ ቀለሙ ጥቃቅን ጉድጓዶቹን ስለሞላ ብርሃኑ ባንድ አቅጣጫ ይመለሳል። ሊስትሮዎች ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ማስረዳት ይችላሉ፤ ጨርቁን በፍጥነት የሚፈትጉት ለምን እንደሆነም ይነግሯችኋል። ሰበቃው ሙቀት ፈጥሮ ሰሙን ያለሰልሰዋል።

መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ያ በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ የሚፈላው 94 አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ካላችሁ ለኩት። ሽሮና ባቄላ የሚቀቅሉ ልጆች "ቆላ ያለች አክስቴ ቤት ቶሎ ይበስላል" ካሉ ስሟቸው፤ ምክንያት አለው።

ቆጮ ለብቻው ሁለት ክፍለ ጊዜ ይገባዋል። እንሰቱ ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይሩታል። መቆምጠጡ ከዚያ ነው፤ ሳይበላሽ መቆየቱም ከዚያ ነው። ሐምራዊውን ጥቅል ጎመን ቀቅሉና ውሃውን አጥልሉ። አሲድ ሲነካው ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ቤዝ ሲነካው ወደ አረንጓዴ። ገና ያልተብላላና በደንብ የተብላላ ቆጮ ከሁለት ቤት አስመጡ። ከየአንዱ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ውስጥ በጥብጡ፣ ይጥለል፣ ከላይ ያለውን ውሃ ወስዳችሁ በጎመኑ ውሃ ፈትኑ። የአመድ ውሃና ሎሚ ለማነጻጸሪያ ይጨመሩ። ከዚያ ተማሪዎቹ እናቶቻቸውን ይጠይቁ፦ መድረሱን በምን ታውቂያለሽ? በሽታ፣ በእጅ ሲነካ፣ በቀለም። ሁሉም የምልከታ ዘዴ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

ስለ ጨረቃና ከዋክብት ስትደርሱ ፍቼ ጫምባላላን አትለፉት። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ይህ የሲዳማ አዲስ ዓመት የሚውልበት ቀን የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ሰማዩን ተመልክተው ነው። አንድ አያት ጋብዛችሁ ምን እንደሚያዩ አስጠይቁ።

4. አንድ ትምህርት ከጥግ እስከ ጥግ፦ ሸክላ

ይህን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂና ብረት ቀጥቃጭ በአገራችን ሲናቁ ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ስድቡ ግን ዛሬም ግቢያችን ውስጥ ይሰማል። ልጁ በሚሰደብበት ሥራ ውስጥ ያለውን ኬሚስትሪ ክፍሉ በሙሉ በገዛ ዓይኑ ይይ።

ርዕሱ ፊዚካዊና ኬሚካዊ ለውጥ ነው። የሚያስፈልገው የተቦካ የሸክላ አፈር፣ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ውሃና ሁለት ብርጭቆ ነው።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን በክብሪት ቀፎ መጠን ሦስት ጡብ ይሥራ። በሚስማር ቁጥር ይጻፍባቸው። ይመዘኑ። ጥላ ውስጥ ለሳምንት ይድረቁ። ፀሐይ ላይ አታውጧቸው፤ ውጪው ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ወይም አንዱን ሆን ብላችሁ ፀሐይ ላይ አውጡትና ሲሰነጠቅ ይዩት።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የደረቁት እንደገና ይመዘኑ። ቀሏል። የጠፋው ምንድነው? ውሃ። አሁን አንዱን የደረቀ ጡብ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱ። ከደቂቃዎች በኋላ ተፈርክሶ ጭቃ ይሆናል። መልሳችሁ ልታቦኩት ትችላላችሁ። ስለዚህ መድረቁ ፊዚካዊ ለውጥ ነው፤ ተመልሷልና።

ሦስተኛውን ጡብ አንዲት ሸክላ ሠሪ ከራሷ ዕቃ ጋር ትተኩሰው። ሲመለስ ሌላ ነገር ሆኗል። ቀለሙ ተለውጧል፤ በጥፍር ሲመታ ይጮሃል። መዝኑት። ደረቅ ከነበረበትም ቀሏል! እዚህ ላይ ቁሙና ይገምቱ። አትቸኩሉ፤ የትምህርቱ ልብ ይህ ነው። ደርቆ ነበር፤ ታዲያ አሁን የወጣው ምንድነው? መልሱ፣ 500 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ከአፈሩ ማዕድን ጋር በኬሚካዊ ትስስር የተያያዘው ውሃም ይወጣል። ማዕድኑ ራሱ ይለወጣል። አሁን ውሃ ውስጥ ክተቱት። ትንንሽ አረፋ ይወጣል፤ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው አየር ነው። ጭቃ ግን አይሆንም። ሳምንት ቢቀመጥም አይሆንም። ኬሚካዊ ለውጥ።

5. ባለሙያዋን ስትጋብዙ

እዚህ ጋር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጎ አስበን ልጅ ልናጋልጥ እንችላለን። "የአንቺ እናት ሸክላ ትሠራ የለ?" የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሊያስቀራት ይችላል።

መጀመሪያ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግሩ። አልፈልግም ካለች በቃ፤ ምክንያት አትጠይቁ። አፈሩን ከገበያ ግዙ፤ ከክፍሉ ልጆች ጋር የማትዛመድ ሌላ ባለሙያ ጋብዙ። ልጅቷ ቀስ ብላ ራሷ ትናገር ይሆናል፤ ላትናገርም ትችላለች። መብቷ ነው።

እንግዳዋ ሲመጡ በባለሙያነታቸው ይተዋወቁ። የሚቀመጡበት ወንበር ይዘጋጅ። የቀን ገቢያቸውን ትተው ስለሚመጡ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ትንሽ ክፍያ ጠይቁላቸው። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ቀድመው ያዘጋጁ። እነዚህ ጥሩ ናቸው፦ "እማማ፣ አፈሩ ውስጥ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ለምን ይጨምራሉ?" "ያልደረቀ ማሰሮ እሳት ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል?" "መብሰሉን በምን ያውቃሉ?" ይፈነዳል ሲሉ፣ እናንተ ቀጥሉ፦ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ሸክላውን ይበጥሰዋል። ገሉና አሸዋው ደግሞ መኮማተሩን ይቀንሳል፣ ለእንፋሎቱም መንገድ ይከፍታል። እሳቸው የሠሩትን እናንተ በሳይንስ ቃል ስትደግሙት ልጆቹ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ይሰማሉ።

ስድብ ከተሰማ ዝም ብላችሁ አትለፉ። እዚያው አስቁሙ።

6. በየትኛው ቋንቋ ያስቡ?

ሐዋሳ ክፍል ውስጥ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ከምባትኛ፣ ጉራግኛ ይኖራል። ሙከራው ላይ በቡድን ሲነጋገሩ በመረጡት ቋንቋ ይሁን። "በአማርኛ አውሩ!" አትበሉ። ለክፍሉ ሲያቀርቡ ግን በማስተማሪያው ቋንቋ ያቅርቡ። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፉና አዳዲስ ቃላቱን በማስተማሪያው ቋንቋና በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ የቤት ቋንቋቸውን ራሳቸው ይጨምሩበት። ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ያ ወረቀት ብዙ ያግዛቸዋል።

7. የቤቱ ማብራሪያ ከሳይንሱ ጋር ሲጋጭ

ይመጣል። ለምሳሌ ብዙ ቤት ወባ ከእሸት በቆሎና ከሸንኮራ ይመጣል ይባላል። ልጅ ይህን ሲል ክፍሉ ይስቃል፤ መምህሩም "ስህተት" ብሎ ያልፋል። ልጁ ሁለተኛ አይናገርም።

ሰሌዳውን ለሦስት ክፈሉት፦ ያየነው፣ የሰጠነው ምክንያት፣ የምንፈትንበት መንገድ። ያዩት ነገር እውነት ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ እሸት ሲደርስ ወባም ይበዛል። ምክንያቱን ግን እንፈትን። እሸት በልቶ ያልታመመ አለ? ሳይበላ የታመመስ? ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ወባ ይይዘዋል ወይ? ይይዘዋል። ስለዚህ በአፍ የሚገባ ነገር አይደለም። በዚያው ወቅት ሌላ ምን አለ? ዝናቡ ትቶት የሄደው ያቆረ ውሃ። ከዚያ የወባን ተሕዋሲ ፕላዝሞዲየምንና አስተላላፊዋን ሴቷን አኖፊለስ ትንኝ ወደ ውይይቱ አምጡ።

አሁን የምነግራችሁን ለመጨረሻ አስቀምጡት። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የአኖፊለስ እጮች ውሃ ላይ የወደቀውን የበቆሎ የአበባ ብናኝ ይመገባሉ፤ በሱም በደንብ ያድጋሉ። በቆሎውና ወባው ግንኙነት አላቸው ማለት ነው። መንገዱ ነው የተሳተው። የተሳቀበት ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን እዩት።

ከቻላችሁ በነጭ ኩባያ ያቆረ ውሃ ቅዱ። የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ይተኛል፤ የሌላው የተለመደ ትንኝ፣ የኩሌክስ እጭ ግን ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ሲያበቃ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት።

ሁሉም የቤት እምነት እንዲህ ያለ እውነት አለው ማለት ግን አይደለም። እንጥል ማስቆረጥና የሕፃን ጥርስ ማስነቀል ደም ያፈስሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሕፃን ይገድላል። ይህን በግልጽ ተናገሩ። ያደረጉትን እናቶች ሳትሰድቡ፣ ግን ሳታቅማሙ።

8. ፈተናውን አትርሱ

ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ ሁለት ጥያቄ ስጡ። አንዱ ከቤት፦ ያልደረቀ ማሰሮ እሳት ውስጥ የማይገባው ለምንድነው? ሁለተኛው በክልላዊ ፈተና መልክ፦ ከሚከተሉት ኬሚካዊ ለውጥ የሆነው የቱ ነው? የበረዶ መቅለጥ፣ የጨው መሟሟት፣ የሸክላ መተኮስ፣ የውሃ መትነን። የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን የሳተ ልጅ ሐሳቡ ገብቶታል፤ የጎደለው የፈተናው ቋንቋ ነው፤ እሱን አለማምዱት። ከተከታታይ ምዘናው የተወሰነውን ነጥብ ደግሞ በቃል ማስረዳትና በእጅ ሠርቶ ማሳየት ይሁን።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንን የወንበር ወረቀት አውጡና እንደገና ለሳምንት ነጥብ አድርጉ። ዝም ያሉት ወንበሮች አሁንም ዝም ካሉ ቁራሽ ወረቀቱን እንደገና አድሉ። ሥራ በወቅት ይለዋወጣል፤ ኅዳር ላይ ቡና ሲለቅም የነበረ ልጅ ሚያዝያ ላይ ሌላ ነገር ይጽፋል። የሰበሰባችሁትን የሥራ ዝርዝር፣ የጋበዛችኋቸውን ባለሙያዎችና የሠራችሁትን ሌሰን ፕላን በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ዲፓርትመንቱ ውስጥ አስቀምጡ። የሚመጣው ዓመት መምህር ከዜሮ አይነሳ።